ወንድሜን ምሳሌ ያደረግኩበት ትምህርት

የምሠራው ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት። ተማሪዎቹ ስሜን አያውቁትም፤ «ፎቶኮፒ» ነው የሚሉኝ። «ፎቶኮፒ፣ ይህን ሁለት ሁለት አድርግልኝ» ይሉኛል፤ አደርግላቸዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ገና እንደመጣ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አስተባባሪ ቤዛ አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። ጃኬቷ በዝናብ ርሷል። ወረቀቱን ግን ከጃኬቷ ሥር ደብቃ ስላመጣችው ደረቅ ነበር።

«አርባ ቅጂ፣ ወንድም ይሁኔ» አለችኝ።

ማሽኑ ላይ አስተኛሁት። የሰው ወረቀት ማንበብ አልወድም። ነገር ግን ቅጂው አንድ በአንድ እየወጣ ሲደረደር ዓይኔ ሳልፈልግ ያነብበዋል። የወጣቶቹ የትምህርት ርእስ ነበር። «ትዕቢትና ውድቀት» ይላል። ከሥሩ ዖዝያን፣ ናቡከደነፆር፣ ሐማ። ከእነሱ ሥር ደግሞ «መምህር» ብሎ ባዶ ነጠብጣብ። አርባ ጊዜ ወጣ።

«መምህሩ ማን ነው?» አልኳት።

«አንተን ልንለምንህ ነበር። ድሮ ጥሩ ታስተምር ነበር አሉ። ለምን እንዳቆምክ የሚነግረኝ ሰው ግን አጣሁ።»

አስቤበት እነግርሻለሁ አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ማሽኑን አጠፋሁት። ሙቀቱ እስኪወጣለት ድረስ እጄን ላዩ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። ይህንኑ ርእስ አንድ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ያኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወንድሜ ምትኩ በሕይወት ነበር።

ምትኩ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? እንዴት እንደሚባል አላውቅም። አሁን እኔ እሱ የሞተበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ።

የተወለድነው ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ባለች መንደር ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አዊኛ ነበር። አማርኛን እኔ ከትምህርት ቤት አገኘሁት፣ እሱ ከሥራ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ አናጺ ሆነ። ቀድሞ ከተማ የገባውም፣ ቀድሞ ወንጌል የሰማውም እሱ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ መጥቶ፣ እናታችንን ለምኖ፣ እንጅባራ እንድማር ይዞኝ ሄደ። እናታችን እስከ ዛሬ የምትሳለመው የጥንት ደብሯን ነው። ሁለታችንም ፕሮቴስታንት መሆናችንን የሰማች ቀን «እንግዲህ ሁለቱንም ወሰዳችኋቸው» አለች፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተናግራ አታውቅም።

የምንኖርባት የኪራይ ክፍል ሁልጊዜ የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ትሸታለች። መጋዙ፣ መላጊያው፣ ሜትሩ ከአልጋው ሥር ነው። እራት የሚሠራው እሱ ነበር። አንተ አጥና ይለኝና ድንች ይቀቅላል፣ አዋዜ ይበጠብጣል። የእኛ አገር ድንች በብርድ ቀን ትኩሱን ሲላጥ የሚወጣው እንፋሎት ፊትን ያሞቃል። እስካሁን ብቻዬን ስበላ መጀመሪያ ፊቴን አስጠጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከተማዋን በድሮ ስሟ «ቆሰበር» ነበር የሚላት። እኔ አርመው ነበር።

«እንጅባራ በል እንጂ።»

«ስሟን ስትቀይር አልነገረችኝም» ይላል።

በአገራችን ታላቅ ወንድም በባዶ ስሙ አይጠራም፣ «አያ» ይባላል። አያ ምትኩ ስለው ነው ያደግኩት። ዐሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፌ፣ ወጣቶችን እንዳስተምር ከተመረጥኩ በኋላ ግን፣ በጉባኤ መካከል «ወንድም ምትኩ» ማለት ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ሁሉም ወንድምና እህት ስለሆነ ማንም ስሕተት አይለውም። ቤት ስንገባ ግን ወደ አያ አልተመለስኩም። መጀመሪያ ወንድም ምትኩ፣ ቀጥሎ ምትኩ ብቻ። እሱ ምንም አላለኝም። አስተውሎት እንደሆነ አላውቅም እል ነበር። አስተውሎታል።

በዚያ ዓመት ጉባኤያችን ከኪራይ ቤት ለመውጣት ከከተማዋ ዳር መሬት አግኝቶ አዳራሽ መሥራት ጀምሮ ነበር። ሥራውን የሚመራው ምትኩ ነው፤ በነጻ፣ በአገልግሎት። መምህሩም ነርሷም ነጋዴውም ከሰል ጫኙም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጭቃ ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ። ምትኩ ከላይ ሆኖ ያዛል። «ወንድም፣ ያ ምስማር መሬት ላይ ከሚተኛ ለእኔ አቀብለኝ፤ እኔ ሥራ አለኝ እሱ ግን ሥራ ፈት ነው» እያለ ሰውን ያስቃል። እዚያ ሲሆን ሌላ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኋላ መቀመጫ የሚመርጠው ሰው እዚያ ከፍ ብሎ ይናገራል።

ግንቦት ሲገባ ግድግዳው አለቀ። ሽማግሌዎቹ ክረምቱ ሳይበረታ ቆርቆሮው እንዲመታ ፈለጉ። ችግሩ የጣራው እንጨት ነበር። አንድ ገበሬ በደግነት የሰጠን ባሕር ዛፍ ነው፤ ከተቆረጠ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ምትኩ ግንዱን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገና «ይህ ገና እያለቀሰ ነው» አለ። እውነትም ከተቆረጠበት ውሃ ይወጣ ነበር።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሰው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ነገሩን አነሡት።

«ምትኩ ልጄ፣ ዝናቡ እኛን አይጠብቅም።»

«እንጨቱም አይጠብቅም ጋሼ። እርጥቡን ከመታነው ሲደርቅ ይጣመማል። ቆርቆሮውን ይዞ ነው የሚጣመመው።»

«ሌሎች አናጺዎች ጠይቀን ነበር፤ ይቻላል ብለዋል።»

«እንግዲያ እነሱ ይሥሩት» አለ ምትኩ። «ይህን ቤት ከመሠረቱ የሠራሁት እኔ ነኝ። የማውቀውም እኔ ነኝ።»

በእኛ ጉባኤ «እኔ ሠራሁት» አይባልም። ጌታ ሠራው፣ ጌታ ረዳን ነው የሚባለው። ምትኩም ይህን ያውቃል፤ ተናድዶ ነው።

«በትሕትና ተናገር» አሉ ጋሽ ደምሰው ቀስ ብለው።

«እንጨት ትሕትና አያውቅም ጋሼ።»

ሁለት ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሰዎቹ ወንድሙ መሆኔን እንዳያስታውሱ ፈልጌ ነበር።

ሰኞ ማታ ምትኩ ከሥራ ተመልሶ ድንች እየላጠ ሳለ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «አንተ ታነባለህ።»

«ጠይቅ።»

አንዱን ድንች ልጦ ጨረሰ።

«ያን ቤት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳየው ደስ ይለኛል። ጠዋት ሰው ሳይመጣ እየሄድኩ አየዋለሁ። ይህ ማዕዘን እንዴት ቀጥ አለ እላለሁ። መንገዴ ባይሆንም በዚያ በኩል ዞሬ ነው ሥራ የምሄደው። ኃጢአት ይሆን እንዴ?»

ይህን የሚጠይቅ ሰው ትዕቢተኛ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ምክር ፈልጎ እኔ ዘንድ መምጣቱ ነበር የታየኝ። ፊቴን ከበድ አድርጌ «እጸልይበታለሁ» አልኩት። እሱም እንደ ትልቅ ነገር ተቀብሎ አመሰገነኝ።

አልጸለይኩበትም። ዐርብ ዕለት ጋሽ ደምሰው መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ለወጣቶቹ ስለ ትዕቢት ብታስተምር ጊዜው ይመስለኛል» አሉኝ። የማንንም ስም አላነሡም። እኔ ግን ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሴን ዘርግቼ ጻፍኩ። ምትኩ እንዳይረብሸኝ እያለ በእግሩ ጫፍ ይረግጥ ነበር።

እሑድ ከሰዓት የወጣቶች ፕሮግራሙ የተደረገው ጣራ በሌለው አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣውላ በድንጋይ ላይ ተጋድሞ ተቀምጠናል። ከላያችን ደመና ይታያል። ምትኩ ወጣት ከሚባለው ዕድሜ ባይወጣም እንዲህ ወዳለው ፕሮግራም አዘውትሮ አይመጣም ነበር። ያን ቀን መጣ፤ እኔን ለመስማት። የሥራ ሱሪውን እንደለበሰ ከኋላ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

በሐማ ጀመርኩ። መርዶክዮስ አልሰግድልህም ስላለው የተናደደው ሐማ፣ በመጨረሻ ያንኑ መርዶክዮስን በንጉሥ ፈረስ ላይ አስቀምጦ፣ ልጓሙን ይዞ በአደባባይ እየጮኸ ሲመራው። ይህ ታሪክ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ፈረስ ባለበት አገር የጠላትን ፈረስ በእግር እየሄዱ መሳብ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ልጆቹ ሳቁ። ምትኩም ሳቀ። ቀጥዬ ዖዝያንን አነሣሁ፤ ንጉሥ ሆኖ ሳለ የካህናቱን ሥራ ልሥራ ብሎ የዕጣን ጥና ይዞ ወደ መቅደስ የገባው፣ ግንባሩ ላይ ለምጽ የወጣበት። ናቡከደነፆርን ለመጨረሻ አቆየሁት። በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ እየተመላለሰ የሠራትን ባቢሎንን ሲያደንቅ፣ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ አእምሮው ተወስዶ፣ እንደ በሬ ሣር ሲበላ።

ድምፄ ደህና ነበር። ሰው ይሰማኛል። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

«በመካከላችንም አንድ ሰው አለ» አልኩ። «ስሙን አልጠራም። ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ማዶ ቆሞ በእጁ የሠራውን እያየ ልቡን ደስ ያሰኛል። ማዕዘኑን ያደንቃል። መንገዱ ባይሆንም ሊያየው ይዞራል። ናቡከደነፆርም የጀመረው እንዲሁ ነው።»

«ስሙን አልጠራም» እኛ ዘንድ የተለመደ አነጋገር ነው። የጸሎት ርእስ ሲሰጥም ምሳሌ ሲነገርም አንድ ወንድም አለ፣ አንዲት እህት አለች ይባላል። ሰው እንዳያፍር ታስቦ ነው። ነገር ግን ጉባኤያችን ትንሽ ነው። አናጺያችን አንድ ነው። አንገቶች ሁሉ ወደ እንጨት ክምሩ ዞሩ።

ምትኩ አንገቱን አልደፋም። ወደ እኔ እያየ ነበር። እንደ ተናደደ ሰው አይደለም፤ የሰማውን እንደገና ለመስማት እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ የነበረውን ፍቅፋቂ አራገፈ። እስከ መጨረሻው ቆየ። ስንዘምር ዘመረ። ሲያልቅ እንደ ሁልጊዜው ጣውላዎቹን ሰብስቦ ደረደረ። ጋሽ ደምሰው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጌታ ተጠቀመብህ» አሉኝ። እየበረርኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

እራት አቀረበ። ጥቂት እንደበላን «ጥሩ አስተማርክ» አለኝ። «አማርኛህ ያምራል።»

መጉረሴን ቀጠልኩ።

«እኔ ግን ያን የነገርኩት ለአንተ ነበር።»

«ስምህን አልጠራሁም» አልኩት።

«ብትጠራው ይሻል ነበር» አለ። «ስሜን ብትጠራው ተነሥቼ መልስ እሰጥ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋዙም መላጊያውም ከአልጋው ሥር አልነበሩም። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለእኔ ትቶልኝ ሄዷል። ጃዊ ወርዷል፤ እዚያ ቆላው ውስጥ ቤት በብዛት ይሠራ ስለነበር የሚያውቀው አናጺ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ና ይለው ነበር። ጣራውን ሌላ ሰው መታው። አዳራሹ ዛሬም ቆሟል። በአንድ በኩል ጎበጥ ብሏል፤ ከሥሩ ሁለት ምሰሶ ተጨምሮለታል። ማን ልክ ነበር የሚለውን የሚያነሣ የለም። እኔም ይህን የጻፍኩት ለዚያ አይደለም።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። እንጅባራ በሐምሌ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ጉሙ በር ድረስ ይመጣል፤ ጎረቤት ያለው ሰው ሲስል ትሰማለህ እንጂ አታየውም። ብቻዬን አበስላለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ፣ ሰው ሲያንኳኳ እሱ ይመስለኛል። ግን ደጋግሜ አልደወልኩም። ይደውል እል ነበር። ጥሎ የሄደው እሱ ነው፣ በሽማግሌ ላይ የተናገረው እሱ ነው፤ እኔ ያስተማርኩት የእግዚአብሔርን ቃል ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ስልኩን ሞከርኩ። ጃዊ ኔትወርክ ይጠፋል። የስልኩ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ስትለኝ እፎይ እል ነበር።

ጥቅምት ላይ እሱ ደወለ። ቅዳሜ ለገበያ ዳንግላ እንደሚወጣ፣ ምስማርና ማጠፊያ እንደሚገዛ፣ ከቻልኩ እንድመጣ። ከመሄዴ በፊት ጋሽ ደምሰውን አማከርኳቸው። «በይቅርታ ልብ ሂድ» አሉኝ። ጥሩ ምክር ነው። እኔ ነኝ ትርጉሙን የገለበጥኩት።

በሚኒባስ ሄድኩ። የመንገዱ ዳር ዳር በአበባ ቢጫ ነበር፤ ጤፉም መድረስ ጀምሯል። ዳንግላ ከእኛ ይሞቃል፤ ጃኬቴን አውልቄ ነው የወረድኩት። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጠቁሯል፤ ከስቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቆሞ ሳመኝ፤ አንገቴን ይዞ ረጅም ሳመኝ።

«ቁመት ጨመርክ» አለኝ። «ማን እያበላህ ነው?»

«ራሴ።»

«ድንቹን ሳታሳርር?»

«አልፎ አልፎ።»

ሽሮ አዘዘ። ስለ ጃዊ አወራኝ። ከሙቀቱ የተነሣ ፀሐይ ላይ የዋለውን መዶሻ አንሥተህ መያዝ እንደማትችል፣ ትንኙ ከሰው በላይ እንደሆነ። ሁለት ጊዜ ወባ ይዞት ነበር። «የቆሰበር ልጅ ነው ሲሏት ትንኟ ዘመድ ጠርታ ትመጣለች» ብሎ ሳቀ። ስለ እናታችን ጠየቀኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። ከዚያ «ጣራውስ?» አለ።

«አልቋል።»

«መካከሉ ላይ ምሰሶ ጨመሩ?»

«አላየሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከእንጅባራ ጀምሮ በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አሁን ነው ጊዜው ብዬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ።

«ምትኩ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

መጉረሱን አቆመ።

«ከምኑ?»

«ከ... ያን ቀን ከተናገርከው። ጥለኸኝ ከመሄድህም። በልቤ ምንም የለም።»

መናኸሪያው ውስጥ የጃዊ መኪና ረዳት «ጃዊ፣ ጃዊ፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጮኻል። ምትኩ ትንሽ ፈገግ አለ።

«እሺ» አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከዚያ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። «ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?»

አፌ ሙሉ ነበር። ውጬ ስጨርስም ጊዜ ነበረኝ። ምን እንደሚጠብቅ አውቄ ነበር፤ አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። አንድ ቃል ነው። ግን ያን ቃል ብናገር፣ ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሰው ሁሉ የሰማኝ ነገር የሚፈርስብኝ መሰለኝ።

«የለም» አልኩት።

የምስማሩን ካርቶን በትከሻው ይዞ ተነሣ። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ዞሮ፣ እናታችንን ሰላም በላት አለኝ። የተቀመጠው በወዲያ በኩል ስለነበረ በመስኮት አላየሁትም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አብሮት የሚሠራው አናጺ ደወለ። ሦስተኛ ጊዜ ወባ ይዞት፣ ይህኛው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት፣ አርፏል። እኛ ከመድረሳችን በፊት ቀብረውት ነበር፤ በዚያ ሙቀት ሬሳ አያቆዩም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ከራስጌው አብረውት የሚሠሩት ልጆች ከራሱ ጣውላ መስቀል ሠርተው ተክለዋል። በደንብ የተላገ ነበር።

ልቅሶ የተቀመጥነው መንደራችን ውስጥ፣ እናታችን ቤት ነው። የጉባኤው ሰዎች ከከተማ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊያጽናናኝ አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ «ባይታበይ ኖሮ ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ነበር» አለኝ። «አንተው እንዳስተማርከን ነው።»

እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰው ሲያናግርህ ራስህን እንደምትነቀንቀው ነው። ግን ነቀነቅኩ።

ማልደው ሰዎቹ ሲሄዱ እናታችን በአዊኛ «ዳንግላ ላይ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰላም በላት አለኝ።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«ብዙ አወራን» አልኳት።

በዚያ ዓመት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈተንኩ፤ አላለፍኩም። ማስተማሩንም ተውኩት። ሲጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ዖዝያንን ግን ደጋግሜ አነብበዋለሁ። ያን ቀን ስቸኩል የዘለልኩት ብዙ ነገር አለ። ሰውዬው ግንብ ሠርቷል፣ በምድረ በዳ ጕድጓድ ቆፍሯል፣ እርሻ ይወድ ነበር ይላል። ያ ሁሉ አልተቆጠረበትም። የተቆጠረበት የእርሱ ወዳልሆነ ስፍራ መግባቱ ነው። ወንድሜ ልቡን ከፍቶ ያሳየኝ ጊዜ ያ ስፍራ የእኔ አልነበረም፤ በሩ ላይ ቆሜ ዝም ማለት ነበረብኝ። የንጉሡ መጨረሻም አንድ መስመር ነው፤ እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ብቻውን ተቀመጠ ይላል። ልጅ እያለሁ ይህ ቅጣት ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ግድግዳው አጠገብ ካለው የምትኩ አልጋ ማንም የማይነሣበት ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ትንሽ አልመስልህ ብሎኛል።

ለቤዛ በሦስተኛው ቀን እሺ አልኳት። ባለፈው እሑድ አስተማርኩ። ያነበብኩት ዖዝያንን ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳልዘልል። ከዚያ «ይህ ርእስ በዚህ ቤት ከዚህ በፊት ትምህርት ተሰጥቶበታል፤ መምህሩ እኔ ነበርኩ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የእንጨቱን፣ የድንቹን ዕለት፣ የዳንግላውን፣ የልቅሶውን። የወንድሜን ስም ጠራሁ። ማዕዘኑ የትኛው እንደሆነ በእጄ አሳየሁ።

ቤዛ እንባዋን ጠረገች። ጋሽ ደምሰው አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው «እኔም አለሁበት» ብቻ አሉኝ። ሌሎቹ ግን በሩ ላይ ተሰልፈው ጨበጡኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም» አለኝ። አንዲት ልጅ ሕይወቴን ለወጥከው አለችኝ። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ሰው እየጨበጥኩ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የሚቀጥለው ሰው ምን እንደሚለኝ እየጠበቅኩ ነበር። የዳንግላውን ስናገር ድምፄን ዝቅ ያደረግኩበት ቦታም ትዝ አለኝ። ቤቴ ውስጥ ተለማምጄው ነበር።

ጃኬቴን አንሥቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ትዕቢት አንድ ቀን ወድቆ የሚሰበር ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ንጉሡ ሣር ይበላል፣ ሐማ ይዋረዳል፣ ታሪኩ ያልቃል። የእኔ አላለቀም። ስወቅሰው እንኳ ወቀሳውን ራሱን ለብሶ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ይህን ነገር በጉባኤ ፊት የምናገረው አይመስለኝም። የሚገባው ለእነሱ አልነበረም።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በእግሬ ያዝኩት። ካፊያ ነበር፤ ጉሙ ወርዷል። ሰው የሌለበት ቦታ ስደርስ አያ ምትኩ ብዬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በአዊኛ ነው የተናገርኩት። በአዊኛ ሰብኬ ስለማላውቅ የሚያምር ቃል አልመጣልኝም፤ የመጣልኝን አልኩ።

ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ አጠገቤ ሲደርስ ቀስ አለ። ነጂው አንገቱን አወጣ።

«ወንድሜ፣ ጠራኸኝ እንዴ?»

«አይ፣ አንተን አይደለም» አልኩት።

ወደ ኋላዬ አየ፤ ወደ ፊቴም አየ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ሄደ።